ጋን ያልታዘዘበት ዓመት

ሸክላ ሠሪዋ አልጣሽ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን ዛሬ ስናገር የሚከለክለኝ የለም፤ መናገር በሚገባኝ ቀን ግን አፌን ዘግቼ ቁጭ ብያለሁ። ስለዚህ ታሪኳን ስሙኝ እንጂ «ደግ ሴት ነሽ» እንዳትሉኝ፤ አልወድም።

እኔ ይርገዱ እባላለሁ፤ ወረታ ላይ ጠላ ሻጭ ነበርሁ። ጠላ ያለ ጋን አይጠመቅም፣ ጋን ደግሞ ያለ አልጣሽ አይገኝም ነበር። ወደ ርብ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አፈሩ ጥቁርና የሚጣበቅ ከሆነበት ቦታ ጎጆ ቀልሳ ትኖራለች። ባሏ ደሳለው ቀጥቃጭ ነበር፤ ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ሊያሠራ ሲመጣ ልጁን ከኋላው ይሸሽግበት ነበር። እሱም ሞተ። የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ገና ሳይራመዱ ሞተዋል። ያችን ጎጆና ያችን የጭቃ ጉድጓድ ጭቃ ሹሙ አበረ «ኑሪበት» ስላላት ትኖርበታለች እንጂ ርስት የላትም። ነገ «ውጭ» ቢላት መሄጃ የላትም።

የፎገራ ሰው ጋኗን ይገዛል፣ እሷን ግን ይፈራል። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይላሉ። የእሷን ልጆች ማን በላባት ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። እኔም ከሌላው አልሻልም። ቤቴ ስትመጣ ጠላ የምትጠጣበት ቅል ለብቻው ነበር፤ ከደጅ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ራሷ አውርዳ፣ ራሷ አለቅልቃ፣ ራሷ መልሳ ትሰቅለዋለች። አንድ ቀን እንኳ «ኧረ ግቢ፣ በዋንጫ ጠጪ» አላልኋትም። ታዲያ ወዳጄ ነበረች። የገበያውን ሰው አካሄድ እያስመሰለች አንጀቴ እስኪቆስል ታስቀኝ ነበር። ልጄ እታለም ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አልጣሽን ካየች አትለቃትም። አልጣሽም ትንንሽ የጭቃ ላሞች እየሠራች፣ በአመድ ቡራቡሬ እያደረገች ትሰጣታለች፤ እኔ ሳላይ መስሏት። አያለሁ እንጂ! አይቼ ዝም እላለሁ።

በሃምሳ ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት፣ አድማሴ የሚባል መነጽር ያደረገ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ከጭቃ ሹሙ ጋር ቤቴ ገብቶ ጠላ እየጠጣ ሥራውን ነገረን። ግብር ሰብሳቢ አይደለሁም አለ። ከብት ቆጣሪም አይደለሁም አለ። የመጣው ነጋዴውን ሊጠይቅ ነው። ስንት ሸጥህ ብሎ አይደለም፤ ወደፊት ምን ይመጣል ብለህ ታስባለህ ብሎ ነው።

«ይኸ ደግሞ እንዴት ያለ ጥያቄ ነው?» አልሁት።

«ፈረንጆቹ ዘንድ የተለመደ ነው፣ እትዬ ይርገዱ» አለኝ። «የአገር ምርትና ንግድ ተቆጥሮ የሚታወቀው ዓመት ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ችግሩ ገብቶ፣ ሰው ጎድቶ አልፏል። ነጋዴ ግን የሚመጣውን ቀድሞ ይሸተዋል። ገበያ ይቀናኛል ብሎ ካሰበ ዕቃ ያከማቻል፤ ከፈራ እጁን ይሰበስባል። እንግዲህ ብዙ ነጋዴ ጠይቄ ‹ይሻላል› የሚለው ከበዛ አገሩ ደህና ነው፤ ‹ይከፋል› የሚለው ከበዛ ክፉ ነገር እየመጣ ነው። መንግሥት ይህን ቀድሞ ካወቀ እህል አዘጋጅቶ ይጠብቃል።»

ወረቀቱ ላይ ሦስት መልስ ብቻ ተጽፏል። መጪው ክረምትና መኸር ካለፈው ይሻላል፣ ያው ነው፣ ይከፋል። ነጋዴው አንዱን ይመርጣል፣ አድማሴ ምልክት ያደርግበታል። ድንቄም ቀላል ሥራ!

ገበያ ውሎ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። የጠየቀው ሁሉ «ተመስገን» ብሎታል። የጨው ነጋዴው ተመስገን፣ የቅቤ ነጋዴዋ ተመስገን፣ ከይፋግ የመጣው የሸማ ነጋዴም ተመስገን። «እኮ ተመስገን ማለት ከሦስቱ የትኛው ነው?» ሲላቸው «ተመስገን ማለት ተመስገን ነዋ!» እያሉ ይሥቁበታል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኛ ዘንድ «ይሻላል» ያለ ሰው ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ይሠጋል፣ «ይከፋል» ያለ ደግሞ በራሱና በጎረቤቱ ላይ አሟረተ ይባላል። ታዲያ ማን ይናገራል? የኑግ ነጋዴው ዳኘው ብቻ፣ ጭቃ ሹሙ አጠገቡ ስለቆመ፣ ደረቱን ነፍቶ «በጃንሆይ ዘመን ምን ይከፋል፣ ይሻላል እንጂ!» አለው። አድማሴ እሷን አንዷን ምልክት አድርጎ መጣ።

ሰውየው ባዶ ወረቀቱን ሲያገላብጥ አሳዘነኝ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው የጀመረው። ምን አግብቶኝ! «እውነቱን የምትነግርህ አንዲት ሴት አለች» አልሁት። የወዳጄን ብልህነት ላሳይ፣ እኔም ብልህ ወዳጅ እንዳለኝ ልታይ፣ በማግስቱ እየመራሁ ወሰድሁት።

አልጣሽ ደጇ ላይ ተቀምጣ ጭቃ ታቦካ ነበር። ጥያቄውን ሰማችና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሣቀች።

«እኔንም ይጠይቁኛል እንዴ ጌታዬ? ይከፋል ነዋ!»

«በምን አወቅሽ?» አላት።

«በጋን» አለችው። «አምና ከጥር እስከ መጋቢት አሥራ ዘጠኝ ጋን ሸጫለሁ። ዘንድሮ አራት። ከአራቱ አንዱን የወሰደችው ደግሞ እቴ ይርገዱ ናት፤ እሷ ለንግዷ ነው። ጋን የሚያዝ ሰው ድግስ ያሰበ ሰው ነው፤ ሠርግ ያሰበ፣ ተዝካር ያሰበ። ድግስ የሚያስብ ደግሞ ጎተራውን የተማመነ ነው። ዘንድሮ ሰዉ የተሰነጠቀ አሮጌ ጋኑን ተሸክሞ እየመጣ ‹ድፈኝልኝ› ይለኛል። የሚገዛኝ ቢኖር ትንሽ ድስት ነው። በትንሽ ድስት ምን ይሠራል? የጓያ ወጥ፣ እሱም በልክ። አፉ ተመስገን ይላል እንጂ ፈርቷል። በጋውን ከብቱ ታሞበታል፣ የኑጉ ፍሬ አንሶበታል፣ ጎተራው ጎድሏል። በዚህ ላይ ክረምቱ ትንሽ ቢከፋ ምን መቋቋሚያ አለው?»

ከኋላዋ ጎጆዋን ተደግፈው ያልተሸጡት ጋኖች ተደርድረዋል፤ ከአምና ልማዷ ሠርታ የተረፉት። አድማሴ በጣቱ ቆጠራቸው፤ አሥራ አምስት ናቸው። ስሟን ጠይቆ ጻፈ፣ «ይከፋል» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። «እኔ ባሕር ማዶ ሁለት ዓመት የተማርሁትን ይህች ሴት ጭቃ እያቦካች ታውቀዋለች» አለኝ ስንመለስ። እኔም ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ የኔ ነገር!

አድማሴ በሚሄድበት ዋዜማ ነጋዴዎቹ ቤቴ ተሰብስበው ሲጠጡ ሊያመሰግናቸው ተነሣ። ጠላው ሞቅ አድርጎታል።

«ሁላችሁም ደበቃችሁኝ» አላቸው እየሣቀ። «መጪው ዘመን ይከፋል ብላ እቅጩን የነገረችኝ አልጣሽ ብቻ ናት። ከሁላችሁም ይልቅ እሷ ታውቃለች። ቆይታችሁ ታያላችሁ!»

ምስኪን፣ ያመሰገናት መስሎታል። ዳኘው ዋንጫውን አስቀመጠና «አልጣሽ? ሸክላ ሠሪዋ?» አለው።

«አዎ፣ እሷው» አለ አድማሴ፣ ደስ ብሎት።

ጭቃ ሹሙ ዞሮ እኔን አየኝ። «ጋኗን ቆጥራ ነው እኮ የተናገረችው፣ እኔም ነበርሁ» ማለት ነበረብኝ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አይፈልግም ነበር። ግን «አንችን ከቡዳ ቤት ምን አገባሽ?» ቢሉኝስ? ነገ ጠላዬን ማን ይጠጣል? ማሰሮዬን አነሣሁና «ልቅዳላችሁ?» አልሁ።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሐይቅ አደረጉት። ፎገራ እንደሆነ ውሃ ለምዷል፤ ውሃው ይመጣል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል፣ የተወው ደለልም ለዘር ይጠቅማል። በዚያ ዓመት ግን መጥቶ አልሄድ አለ። ጤፉ በቡቃያው በሰበሰ። ዳኘው ከነጥጆቻቸው ዘጠኝ ላሞች ጎርፍ ወሰደበት። ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ ንዳድ ገባ። እንዲህ ያለ ንዳድ እናቶቻችንም አያውቁም። ባንድ ቤት አራት አምስት ሰው ይተኛል፣ ውሃ የሚያቀብል ይጠፋል። መስከረም ላይ መቃብር የሚቆፍር ጎልማሳ እስኪታጣ ደረስን።

ታዲያ ሰዉ መጀመሪያ «አልጣሽ ብላ ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶ «አልጣሽ ያለችው ደረሰ» አለ። ከዚያም «አልጣሽ አመጣችብን» አለ። ይህ ሁሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። አገሩ እኔ ቤት ይጠጣ ስለነበር ነገሩ እንዴት እንደተለወጠ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዳኘው «እኛ ወንዶቹ፣ እኛ ነጋዴዎቹ ያላወቅነውን እሷ በምን አወቀችው? ራሷ ብትልከው ነው እንጂ!» ይላል፤ የሚጠጣው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። እሱ «ይሻላል» ብሎ ምልክት እንዳስደረገ ያስታወሰው የለም። እኔ አስታውሳለሁ፤ እየቀዳሁ አዳምጣለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት አልጣሽ መጣች። ቅሏን ልታወርድ ብትል ሰብረውት ስባሪው ከምሰሶው ሥር ወድቋል። አየችውና «ይሁን፣ አልጠማኝም» አለች። ከደጅ እንደቆመች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለመነችኝ።

«እቴ ይርገዱ፣ ያንን የጋኑን ነገር እስቲ ንገሪያቸው። አንችን ይሰሙሻል። ልጆች መንገድ ላይ በድንጋይ ጀምረውኛል። ጭቃ ሹሙ ካስወጣኝ በዚህ ውሃ ወዴት እሄዳለሁ?»

«እነግራቸዋለሁ፣ አታስቢ» አልኋት። ቅጥፈት ነው። ስትሄድ እንኳ ማን እንዳየን ዙሪያዬን ነበር የማየው።

የመስቀል ማግስት ልጄ እታለም ተኛች። ሰውነቷ እሳት ሆነ፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፣ ትቀባዥራለች። ንዳድ ነው፤ ያ አገሩን ያጋደመው ንዳድ። ግን የኔ ልጅ ናት፣ አንዲት ናት፣ እኔም እንደ እብድ ጮህሁ። ጩኸቴን ሰምቶ ጎረቤት ገባ፤ ዳኘው ገባ፤ ጭቃ ሹሙ ገባ። ዳኘው «ትጠየቅ!» አለ። ቡዳ የበላው ሰው ሲጠየቅ የበላውን በስሙ ይጠራል ይባላል። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ጨቅጭቀው በአፍንጫዋ ያዙባት።

«ማን በላሽ? ተናገሪ! ማን በላሽ?»

ልጂቱ ታለቅሳለች። «እማዬ» አለች። እንደገና ጠየቋት፤ ፊቷን አዞረች። በሦስተኛው፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አልጣሽን ጥሩልኝ» አለች።

ልብ አድርጉ። «አልጣሽ በላችኝ» አላለችም። «ጥሩልኝ» ነው ያለችው። ልጅ ሲያማት የምትወደውን ትጠራለች። ልጄ ያችን ሴት እንደምትወዳት በዚያ ቤት ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሁሉም «ጠራቻት! ጠራቻት!» እያለ ግር ብሎ ወጣ። እኔ የልጄን እግር ይዤ ቁጭ አልሁ። በልቤ ምን እንዳልሁ ልናዘዝላችሁ? «ምናልባት እውነት ቢሆንስ፣ ምናልባት ልጄ ብትድንልኝስ» አልሁ።

አልጣሽን ጎትተው አመጧት። እሷንም ራሷን ንዳድ ይዟት ኖሯል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ መቆም አቅቷታል። ዳኘው በዱላ ጀርባዋን ገፋና «የበላሻትን ልጅ ትፊባት!» አላት። ቡዳዋ ከተፋችበት የተበላው ሰው ይለቀቃል ይላሉ። አልጣሽ የቆሙትን አንድ ባንድ አየቻቸው። መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ።

«እቴ ይርገዱ፣ ንገሪያቸው እንጂ» አለችኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

«እሺ» አለች። «ለልጂቱ ከጠቀማት እተፋለሁ።» ጎንበስ ብላ እንትፍ እንትፍ አለችባት። «እግዜር ይማርሽ፣ እምዬ» ብላ ግንባሯን ልትዳብስ እጇን ስትሰድ፣ ዳኘው በዱላ መታት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እታለምን አላባት፤ ትኩሳቱ ለቀቃትና ውሃ ጠየቀች። ንዳድ እንደዚያ ነው፤ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ቀን ቆጥሮ ይመለሳል። በዚያ ክረምት ይህን ያላየ ሰው አልነበረም። ግን ያን ዕለት ሁሉም ረሳው። «ባትበላት ኖሮ ስትተፋባት በምን ትድን ነበር?» ተባለ። ባትተፋስ? እምቢ አለች፣ ልጂቱን ልትጨርሳት ነው ይሉ ነበር። ምንም ብታደርግ አለቀላት።

ጎጆዋን አፈረሱት። እነዚያን አሥራ አምስት ጋኖች አንድ ባንድ በድንጋይ ሰበሯቸው። ያ ሁሉ ያልተሸጠ ጋን ፊታቸው ተደርድሮ፣ አንድ ሰው እንኳ ቆም ብሎ «እውነቷን እኮ ነው፣ ማንም አልገዛትም» አላለም። ጭቃ ሹሙ «ከርብ ወዲያ ሂጂ፣ እዚህ እንዳትታይ» አላት። ርብ ሞልቷል። ታንኳ ያለው ሰውዬ ደግሞ ቡዳ አላሻግርም አለ። ተመልሳ እንዳትመጣ ሁለት ጎልማሶች መንገዱን ያዙ። እንግዲህ ወደፊትም የለ፣ ወደኋላም የለ፤ ከወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር ተቀመጠች።

በሁለተኛው ቀን በሶ በቅል በጥብጬ ወጣሁ። ሾላው እስኪታየኝ ድረስ ሄድሁ። ነጠላዋን ተከናንባ በጎኗ ተኝታለች። ውሃው ከእግሯ ሥር ያልፋል፣ እሷ ግን ተነሥታ መጨለፍ አልቻለችም። አየችኝ፤ እጇን ቀና አደረገችልኝ። ከጎልማሶቹ አንዱ «እቴ ይርገዱ፣ ወዴት ነው?» አለኝ።

«ላም ጠፍታብኝ» አልሁት።

ላም አልነበረኝም፤ እሱም ያውቃል። ቅሉን አየና «እሱስ?» አለኝ። «ለናንተ ነው፣ ውላችሁ ደከማችሁ ብዬ» አልሁት። ተቀብሎኝ እሷ እያየችው ጠጣው። ቅሌን ይዤ ተመለስሁ። አፈር ልብላ!

በሦስተኛው ቀን ሞታ ተገኘች። ቄስ ገብረማርያም ራሳቸው በንዳድ ተኝተው ነበር፤ ሌላው ሰው ደግሞ አልነካትም አለ። የቀበራት ከወንዛዬ ፍል ውሃ ተጠምቆ ወደ ይፋግ የሚመለስ መንገደኛ ነው፤ ማን እንደሆነች ሳያውቅ፣ እዚያው ወንዙ ዳር። ንዳዱ ግን አልቆመም። ዳኘው በጥቅምት ሞተ። «ቡዳዋ ከሞተች እሱን ማን በላው?» ብዬ አንድ ጊዜ ደፍሬ ጠየቅሁ። «ሳትሞት በልታው ነበራ!» አሉኝ። መልስ አያጡም።

በዓመቱ፣ በመጋቢት፣ አድማሴ ወረቀቱን ይዞ ተመልሶ መጣ። ገና ሳይቀመጥ አልጣሽን ጠየቀኝ።

«በንዳድ ሞተች» አልሁት።

መነጽሩን አወለቀ። «ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የመጣሁት» አለኝ። «ከዚህ ሄጄ ወረቀቱን ለአለቃዬ ሳቀርብ የሷን መልስ በቀይ ሰረዘው። ሸክላ ሠሪ ነጋዴ አይደለችም፣ አትቆጠርም አለኝ። የቀረው የዳኘው ‹ይሻላል› ብቻ ነው። ፎገራ ደህና ነው ተብሎ ተላለፈ፤ እህልም አልተዘጋጀም።»

ወይ አለመታደል! ያችን ሴት ያስገደላት መልስ ከወረቀቱ ላይ እንኳ አልተገኘም። ይህን ስሰማ አለቀስሁ። አድማሴ ለወዳጄ ያለቀስሁ መስሎት እጄን ያዘኝ፤ እኔ የማለቅሰው ለራሴ ነው። እስክረጋጋ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ሥራው ነውና ብዕሩን አወጣ። «እርስዎስ እትዬ ይርገዱ፣ መጪው ዘመን ይሻላል፣ ያው ነው፣ ወይስ ይከፋል?» አለኝ።

«ተመስገን» አልሁት።

እታለም ተረፈችልኝ፤ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። የዚያን ጊዜውን ነገር ትኩሳቱ ሁሉንም ከልቧ አጥፍቶታል፤ የምታውቀው ሰው የነገራትን ብቻ ነው። ልጆቿ ሲያስቸግሯት «እኔን ትንሽ ሳለሁ ቡዳ በልታኝ ነበር። ጎትተው አምጥተው አስተፏትና ዳንሁ» እያለች ታስፈራራቸዋለች። ባለፈው ሳምንት ትልቁ ልጇ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ሲሰማት ቆየና ወደኔ ዞረ።

«አያቴ፣ ያች ቡዳ ስሟ ማን ነበር?»

እታለምም ቀና ብላ አየችኝ። እሷም ማወቅ ፈልጋለች።

«ረሳሁት» አልኋቸው።